ሥራ አስኪያጆች በጀት የሚያጋንኑት ባህላችን አስገድዷቸው ነውን?

ጸሐፊ፦ የጅማው ሒሳብ ሠራተኛ

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምሠራው እዚሁ ጅማ፣ እሸት ቡና ገዝቶ፣ አጥቦና አድርቆ ለውጭ ገበያ በሚያዘጋጅ አንድ የግል ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ውስጥ ነው። ግንቦት በገባ ቁጥር የየማጠቢያ ጣቢያው ኃላፊዎች ሐምሌ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ጥያቄያቸውን ይልካሉ፤ እኔም አጠናቅሬ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት አስተላልፋለሁ። ዘንድሮ የቆዩ ፋይሎችን አውጥቼ የስድስት ዓመቱን ጥያቄና በየዓመቱ መጨረሻ በትክክል የወጣውን ገንዘብ ጎን ለጎን አስቀመጥሁ። ኃላፊዎች ተቀያይረዋል፣ የቡና ዋጋም ወጥቶ ወርዷል፤ የተጠየቀው ግን በሁሉም ዓመት ከወጣው ይበልጣል። ይበልጥ የገረመኝ ዋናው መሥሪያ ቤት በአንዱ ዓመት ብዙ ከቆረጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄው በዚያው ልክ አብጦ መምጣቱ ነው።

ይህን ለአንድ የበላይ ኃላፊ ባሳያቸው ወረቀቱን አንብበው እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ይህ ባህላችን ነው፤ የእኛ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ሳይጠይቅ እንቅልፍ አይወስደውም» ብለው መለሱልኝ። መልሱ አልተዋጠልኝም፤ ለማፍረስ የሚሆን ማስረጃ ግን በእጄ አልነበረም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ በጀት ማጋነን በእርግጥ ከአገር ባህል ጋር የተያያዘ ነገር ነውን? ከሆነስ በየትኛው ባህላችን በኩል ነው የሚገባው?

—

ጸሐፊ፦ ሔርማታ

እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ሔርማታ መርካቶ ውስጥ ሱቅ አለኝ። የበላይ ኃላፊዎ የተናገሩት ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይመስለኝም። እኔ 800 ብር የምሸጠውን ዕቃ 1,000 ብር ብዬ የምጠራው ገዢው እንደሚከራከረኝ ስለማውቅ ነው፤ ገዢውም 600 የሚለኝ እኔ እንደማልቀበለው እያወቀ ነው። ሁለታችንም ሳንዋሽ፣ ሁለታችንም እውነቱን ሳንናገር፣ መካከል ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያውኑ 800 ብዬ ብጠራና አልቀንስም ብል፣ ገዢው ያልተከበረ ስለሚመስለው ጥሎኝ ይሄዳል። ከተስማማን በኋላ እንኳ «ምርቃት የለውም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተ በጀት የምትሉት ነገር ከዚህ በምን ይለያል? ጣቢያው ሻጭ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ገዢ ሆነው ዋጋ እየተከራከሩ ነው።

—

ጸሐፊ፦ ኦዲተር ነኝ

አንድ ልዩነት ሳይደበዝዝ ውይይቱ ቢቀጥል ጥሩ ነው። ገበያ ላይ ተከራክሮ የተረፈው ገንዘብ የባለቤቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። በጀት ላይ የተረፈው ግን ሰኔ ሲደርስ ምን ይሆናል? «ካልተጠቀምንበት ለሚቀጥለው ዓመት ይቀነስብናል» ተብሎ በሰኔ 28 ጎማ፣ ወረቀትና ወንበር ይገዛበታል። የምመረምራቸውን ደረሰኞች በወር ብደረድራቸው ሰኔ ብቻውን የሁለትና የሦስት ወር ያህል ቁመት ይኖረዋል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ሰነዱ የተሟላ፣ ፊርማው የተስተካከለ ነው። ባለቤቱ ግን ያላሰበውን ወንበር ገዝቷል።

—

ጸሐፊ፦ እሸት

ስሜን ባልጽፍም ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች ሊለዩኝ ይችላሉ፤ ይሁን። በሊሙ በኩል የአንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ነኝ፤ በጀቴንም አጋንናለሁ። ለምን እንደማጋንን በቁጥር ላስረዳችሁ።

ለሥራው የሚያስፈልገኝ 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ዋናው መሥሪያ ቤት ጥያቄዬን መስመር በመስመር አይመረምረውም፤ ከሁሉም ጣቢያ እኩል 20 በመቶ ይቆርጣል። እውነቱን ተናግሬ 4 ሚሊዮን ብጠይቅ የሚደርሰኝ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። 4 ሚሊዮኑ እንዲደርሰኝ 5 ሚሊዮን መጻፍ አለብኝ፤ 20 በመቶ ለሚቆርጥ አለቃ 25 በመቶ መጨመር የግድ ነው ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ በላይ አያስፈልግም። ልብ በሉ፤ በዚህ አሠራር የሚጎዳው እውነተኛው ሰው ብቻ ነው፤ ከሁሉ በላይ ያጋነነው ደግሞ ተቆርጦበትም ይተርፈዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የቡናው ጠባይ ነው። በጀቱ የሚዘጋጀው ግንቦት ላይ ሲሆን፣ ለቀማው የሚደርሰው ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን እሸቱ በደንብ የቀላ እንደሆነና ለቃሚው አረንጓዴውን ካልቀላቀለ ልኩ ይሻላል፣ ካልሆነ ይብሳል። ትክክለኛውን ልክ ከመፈልፈያው አጠገብ የምቆመው እኔ አውቀዋለሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ሊያውቀው አይችልም። በጀት ላይ የምጽፈው ሁልጊዜ የክፉውን ቀን ልክ ነው። የጄኔሬተሩ ናፍታ፣ የማድረቂያ አልጋው ሽቦ፣ የቀን ሠራተኛው ክፍያ ሁሉም እንዲሁ በክፉ ቀን ልክ ይጻፋሉ።

ክፉ ቀን ደግሞ መጥቶ አይተነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የዚያ ዓመት በጀት ጸድቆ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የመፈልፈያው መለዋወጫ ዋጋም አብሮት ሄደ። በዚያ ዓመት ሥራዬ ያልቆመው በደበቅሁት መጠባበቂያ ነው። ልኩን ጠይቆ የነበረው ጎረቤቴ ግን ኅዳር ላይ፣ እሸቱ በጆንያ ተከምሮ ሳለ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ለመለመን አዲስ አበባ ድረስ ሄደ።

ባህሉ የት ነው ላላችሁኝ፣ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ በደንቡ ተፈቅዷል፤ እኔ ግን አልጠይቅም፤ ይሉኝታ ይይዘኛል። «ጠይቀሽ ተሰጥቶሽ ነበር እኮ» መባልን እፈራለሁ። ከአለቃዬ ፊት ቆሜ «20 በመቶ መቁረጥዎ ስሕተት ነው» ከማለት ይልቅ ዝም ብዬ 5 ሚሊዮን መጻፍ ይቀለኛል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የተባለው ለእኔም ይሠራል።

—

ጸሐፊ፦ መምህር ከጅሬን

የሒሳብ አያያዝ አስተምራለሁ፤ እህታችን እሸት የጻፉትን በቀጥታ ለተማሪዎቼ ባነብላቸው ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። የሚታወቁትን ነገሮች ላክልበት።

በመጀመሪያ፣ በጀት ማጋነን የእኛ ፈጠራ አይደለም። ማይክል ሺፍና አሪ ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጥናት በትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ክፍሎች ውስጥ ድብቅ መጠባበቂያው ከሥራ ማስኬጃ በጀቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል። ሞሐመድ ኦንሲ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ካነጋገራቸው ሥራ አስኪያጆች 80 በመቶዎቹ ለመጠባበቂያ እንደሚደራደሩ በግልጽ ነግረውታል። የእሸት 25 በመቶ ከሊሙ ተነሥቶ የአሜሪካ ፋብሪካ ድረስ ቤተ ዘመድ አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ባህልን በቁጥር ለመለካት የሞከረው ሆላንዳዊው ጌርት ሆፍስቴዴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከአይ ቢ ኤም ሠራተኞች ከ100 ሺህ በላይ መጠይቆችን ሰብስቦ አገሮችን አነጻጸረ። ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ምድብ ተጠቃልላለች። በሥልጣን ርቀት፣ ማለትም የበታቹ ሰው በአለቃና በበታች መካከል ያለውን ልዩነት ምን ያህል እንደ ተገቢ ይቀበለዋል በሚለው መለኪያ፣ የእኛ ምድብ 64፣ ጃፓን 54፣ አሜሪካ 40 አግኝተዋል። በግለኝነት መለኪያ አሜሪካ 91፣ ጃፓን 46፣ የእኛ ምድብ 27 ነው። እርግጠኛ ያልሆነን ነገር በመሸሽ ደግሞ ጃፓን 92፣ የእኛ 52፣ አሜሪካ 46።

እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ስለ በጀት ለመተንበይ የሚሞክር ሰው ወዲያው ይደናቀፋል። የሥልጣን ርቀት ሲሰፋ በጀቱ ከላይ ስለሚወርድ የበታቹ የማጋነን ዕድል ያንሳል ሊባል ይችላል፤ በተቃራኒው አለቃው ስለሚፈራ መረጃ ይደበቅበታል፣ ስለዚህ ማጋነኑ ይጨምራል ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። አሜሪካንና ጃፓንን በቀጥታ ያነጻጸሩት ሱሱሙ ኡኤኖና ኡማ ሴካራን እ.ኤ.አ. በ1992 ያገኙት በጀታቸውን ይበልጥ የሚያጋንኑት የአሜሪካ ኩባንያዎች መሆናቸውን ነው፤ ያያያዙትም ከግለኝነት ጋር ነው። እርግጠኛ ያለመሆንን መሸሽ ብቻውን ሰውን ወደ ማጋነን የሚገፋ ቢሆን ኖሮ ጃፓኖች ቀዳሚ በሆኑ ነበር።

የበላይ ኃላፊው እንግዲህ ይህን ቢሰሙ «እኛ ግለኞች አይደለንም፤ ስለዚህ አናጋንንም» ሊሉ ነው? እኔ እንደማየው ነገሩ «እኛ» የምንለው ማንን ነው በሚለው ላይ ያርፋል። የጃፓኑ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን ኩባንያ «እኛ» ይላል። የሊሙ ጣቢያ ኃላፊ «እኛ» ስትል ግን የምታስበው አልጋ ላይ ቡና የሚያገላብጡትን የቀን ሠራተኞች፣ ዘበኛውንና የመንደሩን ገበሬ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት «እነርሱ» ነው። ለወገን ማሰቡ ራሱ ነው የሚያጋንነው።

—

ጸሐፊ፦ አዛውንቱ ዕቅድ አውጪ

ልጆቼ፣ በጡረታ ላይ ብሆንም ይህ ነገር የቆየ ቁስሌን ነካው። በ1971 ዓ.ም. ማዕከላዊ ፕላን ሲቋቋም ወጣት ባለሙያ ነበርሁ፤ ከዚያ በኋላም በመንግሥት ድርጅቶች ዕቅድ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በእኛ ዘመን የሚጋነነው ወጪው ብቻ አልነበረም፤ ምርቱ ደግሞ ዝቅ ተደርጎ ይታቀድ ነበር። 100 ኩንታል ማምረት የሚችል ክፍል 80 ብሎ ያቅዳል፤ 85 ሲያመርት «ከዕቅድ በላይ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። 100 የሚያመርት ሞኝ ከተገኘ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱ 110 ይሆንበታል። ስለዚህ ባልደረቦቹ ራሳቸው «ተው፣ አታበላሽብን» ይሉታል።

ለትምህርት የሄዱ ጓደኞቻችን ሲመለሱ በሶቪየት ኅብረትም ያው መሆኑን አጫወቱን፤ የፋብሪካው ኃላፊ አቅሙን ደብቆ ይይዛል፣ ዕቅዱን በጥቂቱ ብቻ ያልፈዋል። ሞስኮና ጅማ አንድ ባህል አላቸው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። አንድ የነበረው ዕቅድ የሚወጣበት መንገድ ነው። የዓምናው ውጤት የዘንድሮ ሸክም የሚሆንበት አሠራር የትም አገር ቢተከል ያንኑ ፍሬ ያፈራል።

ይህን ስል ግን ባህል ምንም ሚና የለውም ማለቴ አይደለም። ሞስኮ ስለነበረው ስብሰባ አላውቅም፤ በእኛ ስብሰባ ግን 100 ማምረት የሚችለው ክፍል 80 ማቀዱን ሁሉም እያወቀ ማንም አያነሣውም ነበር። ሰሙ 80፣ ወርቁ 100 ነው፤ ሊቀ መንበሩም ቅኔውን ፈትቶ ዝም ይላል።

—

ጸሐፊ፦ ኦዲተር ነኝ

ለጋሼ ምስክርነት ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ነው። የሰፈራችን ዕድር ሒሳብ መርማሪ ሆኜ ነበር። የዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በየመሥሪያ ቤታቸው በጀት የሚያጋንኑ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛውን በሥራ አጋጣሚ አውቀዋለሁ። ለዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት መግዣ ሲያቀርቡ ግን ከገበያ ዋጋ አንድ ብር አልጨመሩም። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ባህሉም ያው ነው። ታዲያ ጠባያቸውን ምን ቀየረው?

—

ጸሐፊ፦ እሸት

ልመልስልዎት። በመጀመሪያ ዕድሩ የጠየቁትን 20 በመቶ አይቆርጥባቸውም። ሁለተኛ፣ አባሉ ሁሉ የድስት ዋጋ ያውቃል፤ የእሸት ቡናን ልክ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት አያውቅም። ሦስተኛ፣ የተጠየቀው ገንዘብ ለድንኳኑ ባይበቃ ማንም ሰው ከሥራው አይባረርም፤ የጎደለውን አባሉ አዋጥቶ ይሞላል። እነዚህን ሦስቱን ለእኔ ይስጡኝና አንድ ብር ብጨምር ይክሰሱኝ።

—

ጸሐፊ፦ መምህር ከጅሬን

እህት እሸት ሳያውቁት የትምህርቱን ዋና ነጥብ ተናግረዋል። ማጋነን የሚበረታው የበታቹ በበጀቱ ዝግጅት ላይ ሲሳተፍ፣ አለቃው የማያውቀውን ሲያውቅ፣ ከዚያም በዚያው በጀት ሲመዘን ነው። ማይክል ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ2001 ጉርሻን (ቦነስን) ከበጀት ግብ ጋር ማሰር ሰዎችን እንዲዋሹ መክፈል ነው ብሎ የተከራከረው ለዚህ ነበር።

ጋሼ ላነሡት የሶቪየት ጉዳይ ደግሞ ሶቪየቶች ራሳቸው መፍትሔ ሞክረው ነበር፤ ማርቲን ዋይትዝማን እ.ኤ.አ. በ1976 እንደተነተነው፣ ኃላፊው ራሱ ከፍ ያለ ግብ ካወጀና ካሟላ ጉርሻው ዝቅ ያለ ግብ አውጆ ከሚያልፈው ይበልጥለታል። በወረቀት ላይ ግሩም ነው፤ ነገር ግን የዓምናው ውጤት ለዘንድሮው መነሻ መሆኑ ካልቀረ ሰውዬው ነገን እያሰበ መደበቁን አይተውም። የስዊድኑ ባንክ ሐንደልስባንከን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጃን ዋላንደር መሪነት ዓመታዊ በጀትን ጨርሶ ትቶ ቅርንጫፎቹን እርስ በርሳቸውና ከሌሎች ባንኮች ጋር በማነጻጸር መመዘን ጀመረ።

—

ጸሐፊ፦ ሔርማታ

መምህር፣ ስዊድን በዚያ የሥልጣን ርቀት መለኪያ ስንት አገኘች?

—

ጸሐፊ፦ መምህር ከጅሬን

31። ጥያቄዎ የት እንደሚያመራ ገብቶኛል፤ የቅርንጫፍ ኃላፊው አለቃውን በማይፈራበት አገር የሠራ ነገር እዚህ እንደዚያው ይሠራል ማለት አስቸጋሪ ነው። ይሁንና ሆፍስቴዴ ራሱ እነዚያ ቁጥሮች የኅብረተሰብ አማካይ እንጂ የአንድ ሰው ጠባይ መግለጫ እንዳልሆኑ አስጠንቅቋል። ከዚህም በላይ መጠይቁን የሞሉት የአንድ የውጭ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሊሙን ማጠቢያ ጣቢያ እንዲናገሩልን መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

—

ጸሐፊ፦ የጅማው ሒሳብ ሠራተኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጽሑፎቻችሁን አትሜ ሁለት ጊዜ አነበብኋቸው። የበላይ ኃላፊዬ «ባህል ነው» ሲሉ የራሳቸውን 20 በመቶ ከጨዋታው እያወጡ እንደነበር አሁን ታየኝ። ጣቢያዎቹ የሚያጋንኑት እኛ ስለምንቆርጥ ነው፤ ባህሉ የሚገባው ይህን ፊት ለፊት መነጋገር ባለመቻላችን ላይ ነው። ይሉኝታውን በአንድ ግንቦት ላስወግደው አልችልም፤ ቅጹን ግን መቀየር እችላለሁ።

ያሰብሁት እንዲህ ነው። ጣቢያው ጥያቄውን በሁለት ከፍሎ ያቀርባል፤ አንደኛው እርግጠኛ የሆነበት ወጪ፣ ሁለተኛው «ይህ ቢደርስስ» ብሎ የሚፈራው ነገር ከነምክንያቱ። የመጀመሪያው ሳይቆረጥ ይጸድቃል። ሁለተኛው ለየጣቢያው ሳይከፋፈል በአንድ የጋራ ቋት፣ መጠባበቂያ ተብሎ በግልጽ ይቀመጣል፤ የፈራው ያልደረሰበት ጣቢያ ገንዘቡን ስላልተጠቀመ በሚቀጥለው ዓመት አይቀነስበትም። የሰኔው ግዢም ምክንያት ያጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እህት እሸት፣ እንዲህ ያለ ቅጽ ቢደርስዎት በእውነት ይሞሉታል?

—

ጸሐፊ፦ አዛውንቱ ዕቅድ አውጪ

ልጄ፣ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን «አይቀነስበትም» የሚለውን በጽሑፍ አስፈርም። በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

—

ጸሐፊ፦ እሸት

እሞላዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። የቋቱ ፊርማ የት ነው? እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ጄኔሬተሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቢቆም የመለዋወጫውን ገንዘብ የሚፈቅደው ሰው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከስብሰባ እስኪወጣ መጠበቅ አልችልም። ፊርማው ጅማ ከሆነና በስልክ የሚለቀቅ ከሆነ 4 ሚሊዮኔን ብቻ እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ከሆነ ግን ይቅር ይበሉኝ፤ ቋቱን ጣቢያዬ ውስጥ መደበቄን እቀጥላለሁ።

—

ጸሐፊ፦ የጅማው ሒሳብ ሠራተኛ

ይህን አላሰብሁበትም ነበር። ለጅማ ቢሮ የመፈረም ሥልጣን እንዲወከል የሚጠይቅ ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ልኬያለሁ፤ የጋሼንም ምክር ተቀብዬ «አይቀነስበትም» የሚለውን በአንድ አንቀጽ አስገብቼዋለሁ። ጥያቄዎች የሚጠቃለሉት ግንቦት 25 ነው። መልሱ እስከዚያ ካልመጣ፣ እህት እሸት፣ እንደ ልማድዎ 5 ሚሊዮኑን ይጻፉልኝ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ አስተላልፋለሁ።